ከአሮጌው ዲስክ ያልተሻገረው አንቀጽ

ያ አንቀጽ የማን ነበር? የእሳቸው ነው ብዬ እንዳልምል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ወፏን ከእሳቸው አፍ ሳልሰማ ከየት አመጣኋት? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። የቀረውን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ የተጫንኩትን ቁልፍ ሳይቀር።

አዳማ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደዋዛ አያይም፤ አራት ነጥብ በጎደለበት ገጽ ላይ ዓይኔ አያልፍም። «እሷ ጋ የተጻፈ ከመዝገብ ቤት አይመለስም» ሲሉ ስሰማ አላፍርም፤ እውነታቸውን ነው።

ኮምፒውተሬ ግን አርጅቶ ነበር። ጠዋት አብርቼው ሱቁን ጠርጌ ስጨርስ ገና ይነሳል። አዲስ ገዛሁ። ችግሩ መግዛቱ አልነበረም። አሮጌው ውስጥ ያለው የአማርኛ መጻፊያ የድሮ ነው፤ ሲዲው ጠፍቷል፣ የጫነልኝም ሰው አገር ለቋል። በእሱ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በአማርኛው ፋንታ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ይዘረግፋል። ስለዚህ ፋይሎቼን ብቻ ማሻገር ከንቱ ነው። ዊንዶውሱ እንዳለ፣ መጻፊያው እንደተጫነ፣ ሁሉም እንደነበረ ወደ አዲሱ ማሽን መግባት ነበረበት።

ጥገና ቤት ያለው ጎልማሳ የባቱ ልጅ ነው። ከሬዲዮ ጀምሮ ያልከፈተው ነገር የለም።

«አካም ጅርታ፣ እህቴ» ብሎ በኦሮምኛው ሰላም አለኝ። «አዲሱ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልሽና ፋይልሽን እገለብጣለሁ። ለምሳ ሰዓት ይደርስልሻል።»

«አይሆንም። ዲስኩን እንዳለ ገልብጥልኝ።»

«ቤት ስትቀይሪ አይጡንም ይዘሽ ትሄጃለሽ እንዴ?»

«አይጡ አማርኛ የሚጽፍ ከሆነ አዎ።»

ሳቀ። «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው።

በዚያ ሰሞን በእጄ ላይ የነበረው ትልቁ ሥራ የአንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ከፍታ ለኪ ነበሩ። ቡልቡላ ላይ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ ዳር፣ በየጠዋቱ ወርደው ከውሃው ውስጥ የተተከለውን መለኪያ አንብበው ቁጥሩን በቅጽ ላይ ይሞላሉ። ወንዙ ሲሞላም ሲመነምንም ያዩት እሳቸው ናቸው። ይህንን በአራት ደብተር ጻፉት። ደብተሩን ተይቤ ስጨርስ የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ወስዶት ነበር፤ ልጃቸው አዳማ አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። ከዚያ በኋላ እርማቱ በቃል ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ በባጃጅ ይመጣሉ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያስቆሙኛል፣ ያሉኝን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክላለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ ይህንን ነው፦ «ልጄ፣ ሰው ጽሑፍ ያሳምራል። አንቺ እንዳታሳምሪብኝ። ከእኔ የሚቀረው ይኼ ብቻ ስለሆነ፣ የእኔ ያልሆነ አንድ ቃል እንዳይገባበት።»

«አይገባም፣ ጋሼ» አልኩ። እንደማላደርገውም እርግጠኛ ነበርኩ።

ጠጋኙ ዲስኩን ገለበጠ። አሮጌው ዊንዶውስ ግን በአዲሱ ማሽን ላይ ቶሎ አልተላመደም፤ ድምፁ የለም፣ ኢንተርኔት አይዝም፣ ፕሪንተሩን አያውቅም። «ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ይክረም» አለ። አሮጌውን መለሰልኝና ሥራዬን በእሱ ቀጠልኩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ጋሼ አራት ቀን መጡ፤ አራቱንም ቀን የሠራነው የወንዙን ምዕራፍ ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልናገር። አሮጌው ኮምፒውተሬ በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚሄደው። መጻፊያው ከማመልከቻው ግርጌ ቀን በራሱ ያትማል። አንድ ጊዜ የፈረንጅ ዓመት አትሞ ባለጉዳዩ ከመዝገብ ቤት ስለተመለሰ፣ ተቀምጬ ሰዓቱን በእጄ ቀየርኩት። ዓመቱን ወደ ኋላ መለስኩ፤ አንደኛውን ወር መስከረም አደረግኩ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ሆነ። ሠላሳ አንድ ሲል ቀኑን በእጄ ወደሚቀጥለው ወር አሻግረዋለሁ፤ የጥቅምት መጨረሻ ግን ያስቸግረኝ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በሁለተኛው ወር ከሃያ ስምንት ወይም ከሃያ ዘጠኝ በላይ መቁጠር አይፈልግም። ጳጉሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም፤ በእነዚያ ቀናት ቀኑን በብዕር እጽፋለሁ። ኢንተርኔት አስገብቼበት ስለማላውቅ ተሳስተሻል ያለኝ የለም። እንዲያውም ብልህነቴን እወደው ነበር።

አዲሱ ማሽን ዝግጁ ሲሆን ጠጋኙ ሱቄ ድረስ አመጣው። አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ በገመድ ከአዲሱ ጋር አያያዘልኝና የሁለት ሳምንቱን ሥራ ራሴ አሻገርኩ። የመገልበጫው ፕሮግራም ጠየቀኝ፦ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፋይል በሁለቱም በኩል ሲገኝ የትኛው ይቆይ? በቀኑ አዲስ የሆነው ይቆይ የሚለውን ተጫንኩ። ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ፋይሎቹን ከዚህም ከዚያም ቆጠርኩ፤ ልክ ነው። ቆጠርኩ እንጂ አልከፈትኩም።

«ጨረስኩ፤ አሮጌውን ዲስክ አጥፍተህ ለፈለግከው አድርገው» አልኩት። ይዞ ሄደ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር። ጋሼ ከመምጣታቸው በፊት የወንዙን ምዕራፍ ከፈትኩት። ፊደሉ ጥርት ብሏል። ጽሑፉ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረው ነው። አንድም እርማት የለበትም። ሌሎቹን ፋይሎች በሙሉ ከፈትኩ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። የጠፋው ያ ብቻ ነው። ለልጃቸው ደውዬ «ዛሬ ማሽኑ አስቸግሮኛል፣ ሐሙስ ይምጡ» አልኩና ጠጋኙን አስጠራሁት። አጎንብሶ የፋይሉን ቀን አየ፤ ከዚያ ጎን ለጎን የሌሎቹን።

«እህቴ፣ አንቺ ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው የምትኖሪው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ ፊደሉ በትክክል ይወጣ እንደሆነ ሊሞክር ረጅሙን ጽሑፍ መርጦ፣ ሱቁ ውስጥ ከፍቶ፣ አትሞ አስቀምጦታል። አዲሱ ማሽን ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ይሄድ ነበር። ስለዚህ የእሱ ሙከራ ከእኔ የሁለት ሳምንት ሥራ በሰባት ዓመት ከምናምን የሚበልጥ አዲስ ሆነ፤ ማሽኑም የታዘዘውን አደረገ።

«ዲስኩስ?»

«ትናንትና አጥፍቼ ለሰው ገጠምኩት። አንቺው አይደለሽም ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። እሱ ላይ የምለጥፈው ጥፋት አልነበረም።

ከዚያ ወንበሬን ሳብኩ። ማንበብ ሳልችል የኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ነገር አስተምረውኛል፤ የማይጽፍ ሰው የሰማውን ይይዛል። አድራሻ፣ የቀጠሮ ቀን፣ የሰው ቃል፣ ሁሉንም በጭንቅላቴ ነበር የማኖረው። በአራቱ ቀናት የነገሩኝን እርማት ከነድምፃቸው መለስኩት። «እዚህ ጋ ‹ብዙ› አትበዪ፣ ስንት እንደሆነ አውቀዋለሁ» ያሉበትን፣ የድልድዩን ስም የቀየሩበትን፣ ሳቅ ብለው ያስወጡትን ስለ አንድ አለቃቸው የተጻፈ መስመር። እስከ ረቡዕ ማታ አሥራ ዘጠኝ እርማት መለስኩ። እርግጠኛ ያልሆንኩበት አልነበረም።

ሃያኛው እርማት ሳይሆን አዲስ አንቀጽ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን፣ ለመሄድ ተነሥተው በዱላቸው ላይ ተደግፈው የነገሩኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አለኝ፦ «ወንዙ ሐይቁ ሳይደርስ በቀረ ዕለት ጠዋት፣ እንደ ልማዴ መለኪያውን ላነብ ወረድኩ።» ከዚያ በኋላ ወፍ እንዳለበት አውቃለሁ። ሌላው ጨለማ ነው። ብጠብቅም አልመጣም። እኔም ጻፍኩት፦ «አንዲት ወፍ ከመለኪያው አጠገብ በአንድ እግሯ ቆማ ነበር። ቁጥሩን ከእኔ ቀድማ ያነበበች ይመስል ዞራም አላየችኝ።»

ሐሙስ አነበብኩላቸው።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ ብያለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ወፍ እግር አወጣች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጃቸው ያንን አንቀጽ ታነብለታለች። አንድ የድሮ ባልደረባቸው ከባቱ መጥቶ ሰምቶ «ይኼ ሰው ባለቅኔ ነበር ለካ» አለ፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው አንገታቸውን አቀርቅረው ሳቁ። እኔ ደግሞ ቤታቸው ሲጠሩኝ ምክንያት እየፈጠርኩ መቅረት ጀመርኩ። ሥራዬን ማንም ሲያሞግስ የማልሸማቀቀው ሴትዮ፣ ያ አንቀጽ ሲመሰገን የምገባበት አጣሁ።

የማተሚያ ቤቱ ረቂቅ ከአዲስ አበባ ሲደርስ፣ የመጨረሻውን እርማት እንድሠራ ልጃቸው አስጠራችኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እርሳሴን አወጣሁ፤ ግን ገጹን አልገለጥኩም።

«ጋሼ፣ ሳይታተም የምነግርዎ አለ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ዲስኩን፣ «አዎ» ያልኳቸውን ውሸት። ቸኩዬም አልተናገርኩም።

ልጃቸው ቀደመች። «አንቺ፣ እኔ እኮ ያንን አንቀጽ ሰው ፊት አልቅሼበታለሁ።»

«ቆዪ አንቺ» አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። «ወፏስ?»

«ወፍ እንደነበረች እርግጠኛ ነኝ። ምን ስታደርግ እንደነበር ነው የጠፋኝ።»

«እኔም ጠፍቶኛል።» ዱላቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ሦስት ቀን ወንዙ ዳር አልወረድኩም። የሦስቱን ቀን ቦታ በቅጹ ላይ ባዶ ተውኩት። አለቃዬ ‹ያለፈውን ቁጥር ብትደግመው ምን ነበረበት› ብሎ ተቆጣኝ። አልደገምኩም። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ወረቀት የሚያይ ሰው፣ ቁጥር ካገኘ ተለክቷል ብሎ ያምናል። ባዶ ካገኘ ግን ያን ቀን ሰው እንዳልነበረ ያውቃል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን ኋላ እናያለን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው?»

«ነው። እምልበታለሁ።»

«እሱ ይቆይ። ሌላውን ሰርዢና ሦስት መስመር ባዶ ተዪ።»

«አባዬ፣ አንባቢ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ይላል» አለች ልጃቸው።

«ይበል። ሌላስ ቦታ ጨምረሻል?»

«አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

«እንግዲያው ምዕራፉን ከአናቱ አንብቢልኝ። እኔ እሰማለሁ።»

ወፏን በእርሳስ ሰረዝኳት፤ በኅዳጉ ላይ «ሦስት መስመር ባዶ ይተው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድም ቦታ አላስቆሙኝም። ወንዙ ሐይቁ ሳይደርስ የቀረበት ጠዋት ላይ ስደርስ ዓረፍተ ነገሩን አነበብኩ፣ ሦስት መስመር የሚያህል ዝም አልኩ፣ ከዚያ ቀጠልኩ።