ከግንቡ ውጭ የቆሙት

የሺወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ መቆም ከጀመረች ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፏታል። ደም የሚፈስሳት ሴት ቅጥር አትገባም፤ ከአምባራስ ማዶ ባለው በእሷ መንደር ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሌሎቹ ሴቶች አምስት ስድስት ቀን ውጭ ቆመው ይመለሳሉ። እሷ ቀረች። ደህና ድንጋይ መርጣ ተቀምጣ፣ የባሏን የቄስ ሀብተ ሚካኤልን ድምፅ በግንቡ ላይ እየሰማች ታስቀድሳለች። ሽታዋ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ራቅ ትላለች። ያጠበችው ጨርቅ ላይ ዝንብ ሲሰፍር ስታይ የገዛ ገላዋን ትጸየፋለች።

ደሙን ሁሉም ያውቀዋል። ያወቁት ግን የት መቆም እንዳለባት ለመወሰን ብቻ ነው።

በኅዳር ጽዮን ስጦታ የምትባል ነርስ መዝገብ ይዛ ከደባርቅ መጣች። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ በነጻ ሊሰጥ ነው፤ መኪናም አለ፤ ቦታው ግን ለአርባ ሴት ብቻ ነው። ሴቶች ባንድነት የሚገኙት ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ፣ ቄሱ ፈቅደውላት በቅጥሩ ውስጥ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣችው የቀበሌው ሊቀመንበር የገዱ ሚስት እሌኒ ነበረች።

«እኔስ አምና ጎንደር ታይቼ ደህና ነሽ ብለውኛል» አለች እየሳቀች። «ቢሆንም መኪና ከመጣ የደባርቅን ገበያ ማን ይጠላል?»

ስጦታ ጻፈቻት። ቀጥላ የገዱን እኅት ጻፈች።

የሺወርቅ በግንቡ ላይ አንገቷን አሰገገች። «እቱ፣ እኔንም ጻፊኝ።»

«ምነው አይገቡም?»

«ደም ላይ ነኝ።»

«እንግዲያማ አሁን አይመረመሩም። ሲያቆምልዎት ይምጡ።»

«ካላቆመስ?»

«የቄሳችን ሚስት» አለች እሌኒ፣ «ገመናሽን ግንብ ላይ ታሰጪው ጀመር?»

ሴቶቹ ሳቁ። ቄሱ ወደ ሚስታቸው ሳያዩ «በቃ፣ ሰው ፊት ነው» አሉ። ስጦታ ገጹን ገለበጠች።

የሺወርቅ እንደታዘዘችው እስኪያቆም ጠበቀች፤ ደሙ ግን አላቆመም። በሚያዝያ ወገቧ አላስቆም ሲላት እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥላ ደባርቅ ወረደች። ያየቻት ያችው ስጦታ ነበረች፤ አላወቀቻትም። አይታ ስትጨርስ ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ጎንደር ይሂዱ፤ ሐኪሞቹ ይዩት። ጨረር ይሉዎት ይሆናል፤ እሱም ወረፋ አለው። ኅዳር ላይ መንደራችሁ መጥተን ነበር፤ ያኔ ቢመጡ ይሻል ነበር።»

«ያኔ ነበርሁ። ሲያቆም ነይ ብለሽኝ ነበር።»

ስጦታ የሪፈር ወረቀቱን ጽፋ እስክትሰጣት ድረስ ቀና አላለችም።

ቄሱ ወረቀቱን አይተው «የሰኔ ጎልጎታ ትለፍና እንመክራለን» አሉ። ሁለት ወር አለፈ።

በሰኔ ጎልጎታ ከቅዳሴ በኋላ ገዱ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። «የአጥቢያችን ሴቶች መቶ በመቶ ተመርምረው ደህና ሆነው ተገኝተዋል። ቀበሌያችን አንደኛ ወጥታለች።» ቄስ ሀብተ ሚካኤል «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ቅጥሩ በእልልታ ተናወጠ።

ከግንቡ ውጭ ከየሺወርቅ ጎን የቆመችው አዲስ ሙሽራ ፀጋ እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ የሺወርቅ እጇን ያዘቻት።

«ለማን ነው?»

የሺወርቅ ግንቡ ሥር እንትፍ ብላ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ከጉያዋ የሪፈሩን ወረቀት አውጥታ እጥፋቱን አየችና መልሳ ሸጎጠችው።

«ደምሽ ከሳምንት ካለፈ እዚህ አትቁሚ» አለቻት። «ደሙ አልቆም ካለሽ ውረጂ፣ ደባርቅ ሂጂ። ነይ እስኪሉሽ አትጠብቂ።»

«ንግግሩ ሳያልቅ ይሄዳሉ እንዴ?»

«ለእኔ የሚነገር የለበትም» አለችና የጎንደር መኪና ወደሚገኝበት መንገድ ወረደች።