ፊቷን የምትቀያይረው መኪና

ኑርሁሴን በግራ እጁ የቀለም ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ ደግፎ፣ በቀኙ ጫፉ የሳሳ ብሩሽ ይዞ የባጃጁን የኋላ ሸራ ይቀባል። ብሩሹን ቆርቆሮው ከንፈር ላይ ጠረግ፣ ጠረግ ያደርግና ትንፋሹን ይዞ አንዲት ቀጭን መስመር ያወርዳል። የሚስለው መኪና ነው። ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ከኋላው የኑርሁሴንን መኪና ይፈልጋል። መሬት ላይ የተኛች የምትመስል፣ ቢጫ፣ አፍንጫዋ እንደ ማረሻ የሾለ። ላምቦርጊኒ ጋላርዶ ትባላለች፤ የጣሊያን ናት። በከሚሴ አስፋልት አንድም ቀን አልፋ አታውቅም። ብታልፍም ከመጀመሪያው ጉድጓድ አትወጣም ነበር።

ጊዜው ኅዳር 2006 ነው። የሳውዲ ተመላሾች በየቀኑ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ኑርሁሴን ልጁን ቶፊቅን እየጠበቀ ነበር። ሲጠብቅ ደግሞ እጁ ሥራ መፍታት አይችልም።

መኪናዋን ከከሚሴ ጋር ያስተዋወቀው ቶፊቅ ነው። ሳውዲ ገብቶ አንድ ሀብታም ቤት መኪና አጣቢ ሆነ። አሠሪው ከመኪኖቹ ሁሉ ይህቺን ይወዳልና፣ ፋብሪካው መልኳን በለወጠ ቁጥር የነበረችውን ሸጦ አዲሷን ይገዛል። ቶፊቅም በተለወጠች ቁጥር አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ይነሳና ወደ አገር ለሚመለስ ሰው ይሰጣል።

የመጀመሪያዋ ስትመጣ ኑርሁሴን አንድ ጸጉር ቤት በር ላይ ሳላት። ግንባሯ ላይ ያለችውን የፋብሪካውን ምልክት፣ ትንሿን በሬም አልተዋትም። ይህንኑ በስልክ ለልጁ ሲነግረው ቶፊቅ፣

«ሻኛ አደረግክለት እንዴ?» አለ።

«ታዲያ! ሻኛ የሌለው በሬ ምን በሬ ነው? ጨፋ ሜዳ ብታወርደው ጊደሮቹ ይስቁበታል።»

«አባዬ፣ ጣሊያኖቹ ቢያዩህ ይከሱሃል!»

«ይምጡ፤ በሬ አሳያቸዋለሁ።»

ቶፊቅ እስኪያስለው ሳቀ። ያ ሳቅ ለብዙ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሲወራ ኖረ።

ቀጥሎ ጣሪያ የሌላት መጣች። የቶፊቅ እናት ዘይና ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ፣ «ጣሪያዋን ምን በላው?» አለች።

«ሲፈልጉ የሚገለጥ ነው» አላት ኑርሁሴን።

«ዝናብ የማያውቅ አገር ነዋ!»

ከዚያ ደግሞ መብራቷ የተለወጠ መጣች። መብራቱ ውስጥ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተከፈለ ነጭ መስመር አለ። ኑርሁሴን ለዚያች ባላ ብቻ ቀጭን ብሩሽ ደሴ ድረስ ሄዶ ገዛ። ቶፊቅ በዚያ ፎቶ ላይ ከሳ ብሏል፤ እጁን የመኪናዋ በር ላይ አሳርፏል።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ቀረ። አብሮት የሄደው የጎረቤት ልጅ ሪድዋን ደውሎ፣ «ቶፊቅ ከአሠሪው ዘመድ ጋር ሩቅ በረሃ ተዛውሯል፤ ስልክ መያዝ አይፈቀድለትም» አለ። ግን በ2005 እንደገና ፎቶ መጣ። አሁን የመኪናዋ አፍንጫ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ተሰባብሯል። አጠገቧ ሰው የለም።

«ልጄስ?» አለች ዘይና።

«ከበረሃ ተመልሶ ፎቶ አንሺው እሱ ነዋ! አንሺ መቼ ፎቶ ውስጥ ይገባል?»

እሷን ሲያጽናና እሱም ተጽናና። ያችንም ሳላት። በዓመቱ ውስጥ ከባጃጆቹ እኩሌታ ላይ አዲሱ ፊት ነበር።

ሪድዋን አዲስ አበባ መግባቱ ሲሰማ ኑርሁሴን፣ «እሱ ከመጣ የኔውም ከኋላው ነው» ብሎ የቶፊቅን አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ተሸክሞ ፍራሽ ሰፊዋ መሪማ ዘንድ አደረሰ። ሐሙስ ና አለችው። ሐሙስ ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት መልስ ፍራሹን ሊያመጣ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ሪድዋንን ከሽማግሌዎች ጋር አገኘው። ፊት የቆመው ጀይሉ፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ኑርሁሴን?» ሲል ጀይሉ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረ ጠየቀው።

ኑርሁሴን ሰው በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሆኖ ለምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ስንት ቤት እንዲያ ሆኖ ሄዷል።

ውስጥ ገብተው ጀይሉ፣ «ቶፊቅ ወደ ጌታው ሄዷል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። የዘይና ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ።

ሪድዋን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። «መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? አገሬ ስደርስ በአፌ እነግራለሁ እያልኩ… የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።»

ኑርሁሴን፣ «የትኛዋ ላይ ነው?» አለ።

ሪድዋን አልገባውም።

«ባለ ባላዋን አጥቧት ነበር?»

«አጥቧታል። እሷን እያጠበ ነው ትኩሳት የያዘው። ሳይነሳ ቀረ።»

«አፍንጫዋ የተሰባበረውንስ?»

«አላያትም። ሥራውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ያጠብኳትም፣ ፎቶ ያነሳኋትም እኔ ነኝ። ፎቶው ቀርቶባችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው።»

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ የሳልኳት» አለ ኑርሁሴን፤ ለማንም አልነበረም።

ዘይና እየተንፈቀፈቀች ተጠግታ፣ «አፈር ማን አለበሰው?» አለችው ሪድዋንን።

«እኔና የአገር ልጆች። ተሰግዶበታል፣ እናቴ።»

ለምን ዝም አልክ አላለችውም። ያንን አፈር ያለበሰ እጁን ይዛ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

ከለቅሶው በኋላ ኑርሁሴን ወደ ገበያ ሲሄድ ባጃጆቹ በግራም በቀኝም ያልፉታል። ልጁ ያላያት መኪና በየጀርባቸው ተቀምጣ ትታየዋለች። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ እስኪያልፉ ይቆማል። ሹፌሮቹ ነገሩን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ሥዕሉን በጥቁር ቀለም ሸፈኑት፤ ይህ ደግሞ ብሶ አመመው።

መሪማ የፍራሹን ጥጥ አፍታታ፣ ባለ ሰማያዊ መስመር አዲስ ጨርቅ አልብሳ ጨርሳለች። ሐሙስ ሲቀርባት፣ መርዶውን ገና ሳትሰማ ሰው ልካበት ነበር፤ «ነገ እመጣለሁ» አላት። ከሰማች በኋላ አልላከችም፣ ለሌላም አልሸጠችውም። ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳዋ ላይ ቆሟል። ኑርሁሴን በዚያ መንገድ መሄድ ትቷል።