ሄይካና የሞተሩ ግግር

የእህቴ ባል ሄይካ ወሬ አይወድም። ሲናደድ ዝም ይላል፣ ሲደሰትም ዝም ይላል፤ ልዩነቱን የምታውቀው እህቴ ሪስተን ብቻ ናት። ስለዚህ ባለፈው ጸደይ የአጋዘን መንጋችንን ስንነዳ፣ በጎኑ የተጋደመ የበረዶ ላይ መንጃ ሞተሩ ሥር ተኝቶ ብቻውን ሲነጫነጭ ሳገኘው ደነገጥኩ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አልኩት።

«ከዚህ ጋር!» አለና ጭንቅላት የሚያህል የበረዶ ግግር እግሬ ሥር ወረወረ። «ትናንት ማታ ጠርጌዋለሁ። ጠርጌዋለሁ አይደል ማጃ? አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

እኔ ምን አውቄ! ስለ ሞተር የማውቀው የሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ ነው። ከመቀመጫው በታች ዋሻ አለ፤ ሞተሩን የሚገፋው የላስቲክ ሰንሰለት እዚያ ውስጥ እየተሽከረከረ በረዶ ይረጫል። ራዲያተሩ የዋሻው ጣሪያ ላይ ነው፤ የሚረጨው በረዶ እየነካካው ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ደረቅ በረዶ ገብቶ ይወጣል፣ በቃ። ሄይካ ዋሻ ውስጥ የገባው ግን ቀልጦ መልሶ ይጋገራል፣ ሰንሰለቱን አንቆ ይይዛል። ከዚያ ሞተሩ ይግላል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን።

መጠበቅ ደግሞ አንችልም ነበር። ርጉዞቹ አጋዘኖች ከመውለዳቸው በፊት፣ መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝም ገና በረዶ እንደሆነ፣ ወደ ባሕሩ ዳር መሻገር አለባቸው። ዘግይተን ከወዲህ ከወለዱ ግልገሎቹ በጎርፉ ውስጥ መዋኘት ሊኖርባቸው ነው፤ ስንቱ እንደሚተርፍ ማንም ደፍሮ አይናገርም።

መንጋውን የሚመራው ሄይካ ነው። እህቴን ሳያገባም በፊት እሱ ነበር የሚመራው። ባለ ደወሉን ሰንጋ አጋዘን ከሞተሩ ኋላ ያስርና በእርምጃ ይሄዳል፤ መንጋው ደወሉን ሰምቶ ይከተላል። እኛ ከጎንና ከኋላ ሆነን የሚያፈነግጡትን እያባረርን እንመልሳለን። ብዙ ዓመት እንዲሁ ስለሆነ፣ ሄይካ ከፊት መሆኑን ከነጭራሹ ማየት ትተናል።

አሮጌው ሞተሩ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ነበር። ክረምቱ ሲገባ እሱና የወንድሙ ልጅ ዮቭና ካውቶኬይኖ ከተማ ሄደው አንድ ዓይነት አዲስ ሞተር ገዙ። የዮቭና እንደ ቅቤ ይሄዳል። የሄይካ ግግር ይወልዳል።

ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ ከተሰበረ የዕቃ መጎተቻ ሥር ለስላሳ ፕላስቲክ ነቅሎ ዋሻውን ከጣሪያ እስከ ግድግዳ አለበሰው። ግግሩ እውነትም አልያዝ አለ፤ ግን ራዲያተሩም አብሮ ተሸፍኖ ስለነበር የመጀመሪያዋን ዳገት ሳንጨርስ ሞተሩ ተንተከተከ። ነቀለው። ቀጥሎ የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው፣ ሙቀት ግግሩን እንዲያቀልጥለት ብሎ ከማርሚታው ወደ ዋሻው የሚያስተነፍስ ቀዳዳ በሳ። አቀለጠለት። ውሃው ግን በቆምን ቁጥር ይጋገርና ከበፊቱ ይብስ ጀመር። ተናዶ አዲሱንም የቀድሞውንም ቀዳዳ ድፍን ሲያደርገው፣ ማርሚታው መተንፈሻ አጥቶ ሽፋኑን አጨሰው፤ እላዩ ላይ ያሰርኩት የደረቀ ሥጋ ከነከረጢቱ ተቃጠለ።

«ምነው፣ ጥሬ ነው ብዬሃለሁ እንዴ?» አልኩት።

አልሳቀም። ድሮ በዓይኑ እንኳ ይስቅልኝ ነበር።

በማግስቱ ዮቭና መጣ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ አጎቱ ፊት ሲቆም ግን አሁንም ባርኔጣውን ያወልቃል። «አጎቴ፣ እስቲ ለዛሬ እንቀያየር። ችግሩ ሞተሩ ላይ ከሆነ ይለያል» አለ።

ተቀያየሩ። ሄይካ በዮቭና ሞተር መራ፣ ዮቭና በሄይካ ሞተር ከጎን ሆኖ ሮጠ። ሲቆሙ ሁለቱንም አጋድመን አየን። ያ ስንት ጊዜ ያስለቀሰን የሄይካ ሞተር፣ ዋሻው ንጹሕ! ንጹሑ የዮቭና ሞተር ደግሞ እስከ አፉ ግግር ሞልቶታል።

ዮቭና «እንግዲህ አጎቴ፣ ግግሩን የምትወልደው አንተ ነህ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ጭምር። ሄይካ ጓንቱን አድርጎ ሄደ።

ኋላ አጥንት እየቀቀልኩ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «አባቴ እንዴት እንደጀመረው ታስታውሻለሽ?» አለኝ።

አስታውሳለሁ። ሽማግሌው አእምሮውን መሳት ሲጀምር፣ ከስንት ዓመት በፊት የሞተ አጋዘን ሊጭን ልጓም ይዞ ይዞር ነበር።

«የሆነ ነገር እያደረግኩ ነው» አለ ሄይካ። «ነዳጅ አበዛለሁ? ያለ ቦታው እቆማለሁ? የማላውቀውን ነገር እጄ እየሠራ ነው ማጃ።»

«ወግድ! ምን አደረግክ?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው።»

በማግስቱ ዓይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል ዋልኩ። ምንም ስሕተት አልሠራም። መብራቱ ግን በራ፣ ዋሻውም ሞላ። እኔም ግራ ገባኝ፤ ግራ ሲገባኝ ደግሞ እናደዳለሁ፤ የተናደድኩት ምስኪኑ ውሻ ላይ ነበር።

በነጋታው ሄይካ የሰንጋውን ገመድ ፈትቶ ለዮቭና ሰጠው። «አንተ ምራ» አለው። ሪስተን ከድንኳኑ ደጃፍ አየችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሄይካ በገዛ ሞተሩ ወደ መንጋው ጭራ ሄደ።

እዚያ ሆኖ ሞተሩ ግግር የሚባል አልያዘም። ደስ ሊለው ሲገባ ጭራሽ ባሰበት። «አየሽ? ኃላፊነቱ ሲነሳልኝ ደህና ነኝ። ሲሰጠኝ ነው የሚጠፋብኝ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ልክ ነው ብዬ መፍራት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን፣ ወንዙ ሊታየን ጥቂት ሲቀር፣ ከጥድ ጥሻ ጀርባ እንደ መዶሻ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ብሄድ ዮቭና ነው። ሞተሩን አጋድሞ፣ በላብ ተጠምቆ፣ በመጥረቢያ እጀታ ግግር ይደበድባል።

«ማጃ በናትሽ፣ እንዳትነግሪው» አለኝ።

«ምኑን?»

«እንዳልቻልኩ። ትናንትም እንዲሁ ነበር፣ ተደብቄ ነው የጠረግኩት። እሱ ስንት ዓመት መርቶ፣ እኔ ገና በያዝኩ ማግስት…»

ሁለት ትልልቅ ወንዶች፣ አንዱ አበድኩ ብሎ፣ ሌላው አልቻልኩም ብሎ፣ በአንድ ግግር ይሳቀቃሉ።

«አንተ የማትረባ፣ ስትመራ በምን ፍጥነት ነው የምትሄደው?»

«በሰንጋው እርምጃ ነዋ! በምን ልሂድ?»

«ከጎን ስትሆንስ?»

«ያው እበር…» አለና እጀታው ከእጁ ወደቀ።

ነገሩ ይኸው ነበር። በእርምጃ የሚሄድ ሞተር በረዶ አይረጭም፤ ራዲያተሩ የሚያቀዘቅዘው አጥቶ ይሞቃል፣ ዋሻው ውስጥ ያለችውን ትንሽ በረዶ ያቀልጣል፣ ያ ነው የሚጋገረው። ግግሩ የሰውየው አልነበረም፣ የቦታው ነበር። ሲቀያየሩ ሞተሩን እንጂ ቦታውን አልቀየሩም፤ ሄይካን ከፊት ማንሳትን ያኔ ማናችንም አላሰብነውም።

እንዳትነግሪው ቢለኝም ሮጬ ነገርኩት። ሄይካ መጣ፣ ጓንቱን አውልቆ እጁን ወደ ዋሻው ሰደደ፣ ግግሩን ዳበሰው። ከዚያ በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዮቭና ባርኔጣውን እንደያዘ ወደ ሌላ ቦታ ያይ ጀመር።

«አባቴን የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለ ሄይካ።

ቀኑን ሁለቱ አብረው ሠሩ። የተነቀለውን ፕላስቲክ የሄይካ ዋሻ ግድግዳ ላይ ብቻ መለሱት፣ ራዲያተሩን ራቁቱን ተዉት። ማርሚታውን በቆርቆሮ ከዋሻው ለዩትና ሙቀቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ከፈቱለት። ከሥር ሁለት ጠንካራ ሽቦ አንጠለጠሉ፤ በእርምጃ ሲሄድም ሽቦው የረጋውን በረዶ እየቧጨረ ፍርፋሪውን ወደ ራዲያተሩ ይበትናል። ሞከሩት፤ መብራቱ አልበራም።

ዮቭና ገመዱን ዘረጋለት። ሄይካ ሳይቀበለው ወደ ሪስተን ዞረ።

«አንቺም እንደ አባቴ የሆንኩ መስሎሽ ነበር?»

እህቴ መዋሸት አታውቅም። «አዎ» አለችው። ቀጥላም «ብትሆንም ግን ከኋላህ እከተል ነበር» አለች።

ሄይካ ገመዱን ተቀብሎ ሰንጋውን አሰረ፣ ወደ ወንዙም በእርምጃ ነዳ።