የት ነበርሽ የተባለችው ውሻ

ልብስ ሰፊዋ ቡችላዋን ያመጣቻት የራሷ እናት በሞተች በዓመቱ ነው። ስም ይውጣላት ሲባል ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሬክስ በያት አለ፤ በጥንት ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው ብሎ። ኧረ ሴት ናት ስትለው፣ ታዲያ ንግሥት በያታ ብሎ ድርቅ አለ። ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ደግሞ ቡቺን አቀረበች። ቡቺማ ምኑ ስም ነው? መንገድ ላይ ቡቺ ብሎ የተጣራ ሰው የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ይዞ ይገባል። ጡረተኛው መምህር ግን፣ አንዳንድ ሰው ለውሻው ስም የሚያወጣው ጎረቤቱ እንዲሰማው ነው፣ ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ይላካል አሉ። እሳቸው ለጨዋታ ነው ያሉት። እሷ ግን ነገሩን ይዛው ገባች።

ውሻዋን “የት ነበርሽ” አለቻት።

የተላከው ለታናሽ እህቷ ነው። ታናሽየው ከእናቷ ጋር ተኮራርፋ ከቤት ወጥታ፣ ሌላ ከተማ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ነበር። እናትየው ታማ ስትማቅቅ ብቅ አላለችም፤ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ሰፈሩም “አይ የዘንድሮ ልጅ!” ብሎ ፈረደባት። ከዚያ ወዲህ የእናታቸውን ቤት ለሁለት ተካፍለው ነው የሚኖሩት። መሀላቸው ያለው ጣውላ ነው፤ ወዲህ ሲያስነጥሱ ወዲያ ይማርሽ የሚያሰኝ ጣውላ።

እናም ልብስ ሰፊዋ ማታ ማታ በሯን ከፍታ “የት ነበርሽ! ነይ ግቢ!” ትላለች፣ ድምጿን ወደ ጣውላው አዙራ። ወዲያ ማዶ የሚንኳኳው ዕቃ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እህቷ ወጥታ እንድትሰድባት ጠብቃ ነበር፤ ያቺ ግን ጭጭ።

ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እናትየው በደከመች ሰሞን ትራሷን እያስተካከለችላት፣ እህትሽን ጥሪልኝ ብላት ነበር። በማግስቱም ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋም ጠርቻታለሁ፣ መንገድ ላይ ናት አለች። አልጠራቻትም። መታመሟን እንኳ አልነገረቻትም። ስታገላብጣት፣ ስታጥባት፣ በአንድ እግሯ የስፌት መኪናውን እየረገጠች በአንድ ጆሮዋ ሳሏን ስታዳምጥ የከረመችው እሷ፤ የምትጠራው ያቺ! ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስትል እናቷ ዓይኗ በሩ ላይ እንደቀረ አረፈች።

ስሙም እያደር ወደ ራሷ ዞረ። በሯን ከፍታ ውሻዋን ስትጣራ ጥያቄው መልሶ እሷኑ ይጠይቃታል። አፏ ላይ እሬት ሆነባት። ልትቀይረው ብትሞክር፣ ንግሥት ስትላት ውሻዋ ፊቷን ታዞራለች። በፉጨት ልትጠራት ብትል ደግሞ መች ፉጨት ታውቅና፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ።

አንድ ዝናባማ ቀን ከሰዓት ውሻዋ ጠፋች። ልብስ ሰፊዋ የጀመረችውን እጅጌ ጥላ፣ ቀሚሷ ላይ ክር እንደተንጠለጠለ ግቢውን ዞረች። የእህቷ በር ገርበብ ብሏል። “የት ነበርሽ” ምንጣፍ ላይ ተዘርግታ ወተት የነካ ዳቦ ትበላለች። ታናሽየው አጠገቧ ተንበርክካ በለሆሳስ በሌላ ስም ትጠራታለች።

“ምን እያልሽ ነው የምትጠሪያት?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

ታናሽየው ዱቄት የነካ እጇን ጉልበቷ ላይ ጠረገች። “‘ማን ጠራኝ’ ነው የምላት፣” አለች ቀና ሳትል። “ላንቺ መልስ እንዲሆን ብዬ ነበር፣ እትዬ። ግን ጮክ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እማዬ ካልፈለገችኝ አንቺ ምን ታደርጊ።”

ልብስ ሰፊዋ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ማምለጫ ፈልጋ ነበር፤ ሥራ አለኝ ብላ ተነስታ መሄድም ይቻል ነበር። ውሻዋ መጥታ እግሯ ሥር ተኛች።

“እህትሽን ጥሪልኝ ብላኝ ነበር፣” አለች። “ጠርቻታለሁ ብዬ ዋሸኋት። አልጠራሁሽም።”

ከዚያ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ብትመታትም፣ ብትረግማትም፣ ጎረቤት ጠርታ ጉዷን ብታወጣባትም ይገባት ነበር። ታናሽየው ግን አልጮኸችም። የወተቱን ኩባያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

“ጠርታኝ ነበር?” አለች። “እማዬ እኔን ጠርታኝ ነበር?”

“ደጋግማ፣” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ብላ ማየት አቅቷት።