የያምሮት አንደኝነት

እጅጉ ጅጋ አጠገብ በርበሬና ዳጉሳ የሚያመርት ገበሬ ነው። ነገር ሲገባው ይስቃል፣ ሳይገባው ሲቀር ይቆጣል። ዘንድሮ ግን መሳቁም መቆጣቱም ቀረና እንዲያው ግራ ገብቶት ከረመ።

ልጁ ያምሮት በቀበሌያቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ስትማር መምህር ወንዳወቅ በሒሳብ ሃምሳ አራት ሰጧት። እጅጉ እንደ ስድብ ቆጠረው። «የኔን ልጅ? ጠልተዋት ነው እንጂ!» ብሎ ተነሣ። ቂሙ ደግሞ ለጉድ ነው! ከመምህሩ ጋር አንድ ጽዋ አልጠጣም ብሎ ከአባቱ የወረሰውን የሚካኤል ማኅበር እርግፍ አድርጎ ተወ። ልጅቱንም ፍኖተ ሰላም ወሰዳት፤ እህቱ ቤት አስቀምጦ የግል ትምህርት ቤት አስገባት።

በዓመቱ አንደኛ ወጣች። ሒሳብ ዘጠና ስምንት! በወላጆች በዓል ቀን «አንደኛ የወጡ» ተብሎ ሲጠራ ከክፍሏ ልጆች ግማሹ ተግተልትሎ መድረክ ላይ ወጣ። እጅጉ ታዲያ ጠረጠረ? ምን ሲደረግ! ጎበዝ ጎበዙን ለይተው የሚያስገቡ መሰለውና እጁ እስኪቃጠል አጨበጨበ። ጅጋ ገበያ ላይ «ዶክተሯ ልጄ» ብሎ ያላወራለት ሰው የለም።

ከዚያ የስምንተኛ ክፍል የክልል ፈተና መጣና ያምሮት ወደቀች። ለጥቂት ቢሆን እኮ ባልከፋ፤ ዘጭ ነው ያለችው። እጅጉ የሌላ ልጅ ውጤት ተሰጥቷት ይሆናል ብሎ ወደ ግል ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ገሰገሰ።

«ፈተናው ከብዶ ነው» አሉት።

«ዘጠና ስምንቱስ?»

«እሱማ እኛ የሰጠናት ነው። አቶ እጅጉ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ዝቅ ያለ ብንሰጣት ልጅዎን ያስወጡብን አልነበር?»

እጅጉ ልቡ ያውቀዋል፤ ያስወጣት ነበራ!

ያምሮት ደግሞ ደብተሯን ጥላ ተቀመጠች። «አባባ፣ እኔ ጎበዝ ነኝ ሰነፍ? እሱን ይንገሩኝ። ሳላውቅ ተመልሼ አልማርም» አለች። ምን ይበላት? እሱስ መች አወቀ?

ሲጨንቀው እልሁን ዋጥ አድርጎ መምህር ወንዳወቅ ቤት ይዟት ሄደ። እሷን አጥሩ ውጭ አቁሞ ብቻውን ገባ።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ሃምሳ አራቷን ይዛ ከእርስዎ ዘንድ ትጀምር» አለ።

መምህሩ አቀረቀሩ። «ኧረ አያሳፍሩኝ፣ አቶ እጅጉ። ልጅ እንዳትጥሉ ተብለን ነበር፤ እኔም ጨምሬላት ነው። ያገኘችው ሠላሳ ነበር።»

እጅጉ ማኅበሩን ጥሎ የወጣው፣ ዓይንዎን አልይ ያለው፣ ለካ ባደሉለት ሰው ቂም ይዞ ኖሯል!

«ያምጧት፣ ከሥሩ ጀምሬ አስተምራታለሁ» አሉ መምህሩ። «ግን መጀመሪያ እውነቱን ይንገሯት። ሳታውቅ የምትማረው አይሆንላትም።»

«እነግራታለሁ» ብሎ ወጣ።

ያምሮት የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች ትጠብቃለች። «ምን አሉ?»

ሠላሳ ሊላት አፉን ከፈተ። ዓይኖቿን ሲያይ ግን ወኔው ከዳው።

«ጎበዝ ናት አሉ» አላት።

ያምሮት ነጠላዋን ለቀቀችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«እሱንማ ሁሉም ይለኛል» አለች።