የወይዘሮ ውብነሽ መስኮት

ልደታ በሚገኘው የቤቶች ፕላን ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃችን ጓድ ተሰማ አንድ ጥቅል ያረጀ ፕላን፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ትሬሲንግ ወረቀትና የቀለም ብዕር ሰጡኝ። ሥራዬ የተወረሱ ቤቶችን የተቀዳደደ ፕላን በአዲስ ወረቀት መገልበጥ ነበር። መስመሩን እንዳለ፣ ከታች በቀኝ በኩል ባለው ሣጥን ግን የመሥሪያ ቤቱንና የራሴን ስም እንድጽፍ ነገሩኝ። አሮጌው ይጣላል። የነዳፊው ስምስ ብዬ ጠየቅኩ።

«ቤቱ የሕዝብ ሆኗል፤ ስሙ ምን ይሠራል?» አሉ።

ስሜን በጥቁር ቀለም ማየት ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ብዙዎቹ አሮጌ ፕላኖች ላይ «ው. ደስታ» የሚል ፊርማ ነበር። ጎበዝ ሰውዬ ነው እል ነበር፤ ደረጃ ሲነድፍ እንኳ ለአሮጊት ጉልበት ያስባል። ሴት ሆኜ ወንድ መሆኑን ለምን እንዳልተጠራጠርኩ ዛሬም አይገባኝም። አንድ ቦታ ብቻ የተሳሳተ መሰለኝ፤ የአንዱ ቤት የማዕድ ቤት መስኮት ከወገብ በታች ዝቅ ብሏል። ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ በግልባጬ ላይ ከፍ አደረግኩት።

በሦስተኛው ዓመት ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሴት መጡ። ወይዘሮ ውብነሽ ደስታ እንደሚባሉና አርክቴክት እንደሆኑ ነገሩን። ውጭ አገር የተማሩበት ዲፕሎማ ጠፍቶ በታይፒስትነት ተመድበዋል። ስማቸው ያለበት አንድ ፕላን ካቀረቡ ወደ ሙያቸው ይመለሳሉ ተብለዋል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚገኘውን ቤት ፕላን ጠየቁኝና ዘረጋሁላቸው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የእኔ ስም ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

እሳቸው ስሙን አለፉና መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ይኼን ማን ከፍ አደረገው?»

«እኔ ነኝ። ስህተት መስሎኝ ነው።»

«እናትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ግቢ የሚጫወተውን ልጇን እንድታይ ብዬ ነበር፣ ልጄ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጓድ ተሰማ ሜትር ይዘው ከእኛ ጋር ወደ ቤቱ ሄዱ። መስኮቱ እንዳሉት ዝቅ ብሎ አገኘነው፤ ከውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አለቃዬ ለኩና ቁጥሩን መዘገቡ። ቢሮ ስንመለስ «ፕላኑን እንደሚያውቁት ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ፤ «ነድፈውታል» በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። እኔም ለብቻዬ ጻፍኩ፦ ይህን ፕላን አልነደፍኩም፣ ገለበጥኩት እንጂ፤ እሱንም ተሳስቼ። ፈረምኩበት።

ከሁለት ወር በኋላ ለሁለቱ ደብዳቤዎች ከበላይ አካል ምላሽ መጣ። ወይዘሮ ውብነሽ ወደ እኛ ክፍል ተዛውረዋል፤ በረዳት ገልባጭነት፣ በእኔ ሥር። ልደሰት ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ወንበራቸውን ከጎኔ ስበው ተቀመጡና «ምን ልገልብጥ፣ አለቃዬ?» አሉኝ።

ፕላን የምትገለብጡ ሁሉ፣ ከመስመሩ በፊት ስሙን ገልብጡ።