አፍንጮ እና የጋዙ ሽታ

የእህቴን ባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አፍንጮ» ይለዋል። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ለፊቱ አነስ ይላል። ሥራው በየቤቱ እየዞረ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ማደስ ነው። ክዳኑን ይፈታል፣ ከማቃጠያው ላይ ጥላሸቱን በብሩሽ ያራግፋል፣ የጭስ መውጫውን ይጠርጋል፣ ጋዝ እንዳያመልጥ መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባውን ያረጀ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ ይለውጣል፣ መልሶ ይገጥማል። የሙያ ጓደኞቹ ከገጠሙ በኋላ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀቡታል፤ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ያብጣል። እሱ ግን ሳሙና ለልብስ ነው ባይ ነው። ጎንበስ ብሎ አንዴ በአፍንጫው ይስብና «ንጹሕ ነው» ካለ አለቀ። እኔ ይሄ ጉራው ያናድደኝ ነበር፤ ግን ተሳስቶ አያውቅም፣ ምን ልበል?

ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጣለው። ሲነሣ ሳሉ ለቀቀው፣ ማሽተቱ ግን ሳይመለስ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አንድ ቀን እህቴ ድስት ጥዳ ጎረቤት ደርሳ ስትመለስ ድስቱ አሯል፤ እሱ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

«ምነው ሰውዬ፣ አኩርፈኸኛል እንዴ?» አለችው።

«አዎ» አላት። እውነቱን ከመናገር ኩርፊያው ቀሎት ነው።

ለሥራውም መላ ዘየደ። ገጥሞ ሲጨርስ የቤቱን ሰው ይጠራና «እስኪ ቀረብ ብለው ያሽቱ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ነገሩን ቢለምዱት ይጠቅምዎታል» ይላል። ምንም የለም ሲሉት እሱም «ንጹሕ ነው» ብሎ ይወጣል። ሰዉ የሚያስተምረው መስሎት ይመርቀዋል። ሳሙና ቢያወጣ «አፍንጮ አበቃለት» ይባላል ብሎ ፈርቷል። ከስሙ ሌላ ምን አለውና!

እንዲህ ሲል ቆይቶ አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ቤት ሄደ። ማሞቂያቸውን ከድሮ ጀምሮ ከእሱ ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም። ጠረገ፣ ገጠመ፣ ጋዙን ከፈተ።

«እማማ፣ እስኪ ያሽቱልኝ።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ጎንበስ ብለው ሳቡ።

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። እሳቸው ሻይ ላፍላልህ ብለው ክብሪት አነሡ። ይሄኔ ልጃቸው ከሥራ ተመልሳ በሩን ከፈተችው።

«እማዬ፣ ክብሪቱን ጣይው! ቤቱ ጋዝ ብቻ ሆኗል! አይሸታችሁም እንዴ?»

አፍንጮ መፍቻዎቹን ወረወረ። ዘሎ ዋናውን የጋዝ መዝጊያ ዘጋ፤ ልጅቷ መስኮቶቹን በረገደቻቸው። አዲሱ ጎሚኒ ተጣሞ ነው የተቀመጠው።

«እማማ፣ ምንም የለም አላሉኝም?» አለ።

«እኔማ ካረጀሁ ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር የት አውቄ! አንተ አጠገቤ ቆመህ ዝም ስትል ጊዜ፣ የለም ማለት ነው ብዬ ነዋ።»

«እናቴን ልትገድልብኝ ነበር!» አለችው ልጅቷ፤ ሌላም ብዙ አለችው። ቤት ገብቶ ለእህቴና ለእኔ ሁሉንም ሲነግረን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላው።

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። ከጉንፋኑ ወዲህ በሠራባቸው ቤቶች ደጅ ሁሉ እየቆመ «አፍንጫዬ ሞቷል፤ ሌላ ባለሙያ ጠርታችሁ አስፈትሹ» ይላል። እንጀራውን በገዛ አፉ ሲዘጋ ቆሜ አየሁ። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዳንዱ በሩን ፊቱ ላይ ጠረቀመው። ይሄን ሁሉ ችሎታል። ያልቻለው የመጨረሻውን ቤት ነው።

በሩን የከፈተችው ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ናት። የመጣበትን ሲነግራት ሳቀች።

«ኧረ ቀልድህን ተው! ይልቅ እንኳን መጣህ» ብላ እጁን ይዛ እየጎተተች ማሞቂያው ሥር አቆመችው። «ሰሞኑን ልጁን ላጥብ ውሃ ባሞቅኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ የሚሸተኝ ይመስለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹አፍንጮ ንጹሕ ነው ብሎ የለ› እያለ ያሾፍብኛል። እኔም ካንተ አፍንጫ የኔ አይበልጥም ብዬ ተውኩት። እስኪ ቁርጡን ንገረኝ፣ ይሸታል?»

ጎንበስ ብሎ ሳበ። ደግሞ ሳበ።

«አላውቅም፣ እህቴ።»

እኔን ግን የጋዙ ሽታ ገና ከደጃፉ ሽው ብሎኝ ነበር። ልጇን ይዛ ወደ ውጭ እንድትወጣ ነግሬያት የጋዙን መዝጊያ ዘጋሁት። እሱ ግን ማሞቂያው ሥር እንዳጎነበሰ አሁንም ይስባል።